መልእክቱ የት ቀረ? በዩኒክስ ሰርቨር ላይ የሜይሊንግ ሊስት ሶፍትዌር ተከላና የብልሽት አፈላለግ

(በፋካልቲያችን ለሕዝብ ክፍት በሆነው የንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)



የዛሬው ርእሴ ለአንዳንዶቻችሁ ያረጀ መስሎ እንደሚታይ ዐውቃለሁ። ቴሌግራም በየኪሳችን ባለበት ዘመን ስለ ሜይሊንግ ሊስት መናገር ምን ይረባል የሚል ሰው ይኖራል። ሆኖም የሊኑክስ ከርነል ገንቢዎች ኮዳቸውን ዛሬም የሚለዋወጡትና የሚተቻቹት በሜይሊንግ ሊስት ነው። የኢንተርኔትን መመዘኛዎች የሚያወጣው አይኢቲኤፍ ክርክሩን የሚያካሂደው በሜይሊንግ ሊስት ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎችም የመመረቂያ ጽሑፍ መከላከያ ቀንን፣ የነፃ ትምህርት ዕድልንና የመምህራን ጉባኤ ጥሪን በዚሁ መንገድ ያስተላልፋሉ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ የአባላቱ መዝገብም ሆነ የመልእክቱ ክምችት በተቋሙ እጅ ይቀራል።

ከሌሎች የሰርቨር አገልግሎቶች ሁሉ ነጥሎ እንድናየው የሚያስገድደን ግን የአበላሸጡ ጠባይ ነው። ድረ ገጽ ሲበላሽ ይታያል፤ ተጠቃሚው ይጮኻል፤ ስልክ ይደወላል። ሜይሊንግ ሊስት ሲበላሽ ዝም ይላል። መልእክቱ ያልደረሰው ሰው ሊደርሰው የሚገባ መልእክት እንደነበረ አያውቅምና አቤት አይልም። የላከውም ሰው «ተልኳል» የሚለውን ቃል አይቶ ወደ ሥራው ይመለሳል። ስለዚህ የዚህ ሥርዓት አስተዳዳሪ ቅሬታ እስኪመጣለት ከጠበቀ ሁልጊዜ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው።

ስለ ታሪኩ ጥቂት ልበል፤ ብዙ አልቆይበትም። ኤሪክ ቶማስ በ1986 ለቢትኔት መረብ የጻፈው ሊስትሰርቭ አባላትን ያለ ሰው እጅ የሚመዘግብና የሚሰርዝ ሥርዓት አድርጎ መንገዱን ከፈተ። በ1992 ብሬንት ቻፕማን በፐርል ቋንቋ የጻፈው ማጆርዶሞ በዩኒክስ ዓለም ተስፋፋ። ከዚያ በኋላ ጆን ቪየጋ የጀመረውና ባሪ ዋርሶ ለረጅም ዓመታት የመራው፣ በፓይተን የተጻፈው ሜይልማን መጣ። ዛሬ በምሳሌነት የምወስደው ሜይልማንን ነው። 2.1 የተባለው ቅጂ በዓለም ዙሪያ እጅግ የተሠራበት በመሆኑ ስሕተቶቹም በሚገባ የታወቁ ናቸው። የእነዚህን ስሕተቶች ምክንያት የተረዳ ተማሪ ሦስተኛውን ቅጂም ሆነ ሌላ ሶፍትዌር ሲያገኝ አይቸገርም።

አንድ መልእክት ከላኪው ተነሥቶ አባላቱ ዘንድ እስኪደርስ የሚሄድበትን መንገድ አብረን እንከተል። ላኪው ለዝርዝሩ አድራሻ ይጽፋል። የሰርቨራችን የፖስታ ፕሮግራም፣ ፖስትፊክስ ወይም ኤግዚም ወይም ሰንድሜይል ሊሆን ይችላል፣ በ25ኛው ፖርት መልእክቱን ይቀበላል። ከዚያም የተለዋጭ ስሞችን ሰንጠረዥ ያያል። በሰንጠረዡ ውስጥ የዝርዝሩ ስም በሰው የፖስታ ሣጥን ፈንታ ወደ አንድ ፕሮግራም ያመለክታል። የፖስታ ፕሮግራሙ ያንን ፕሮግራም ይጠራና መልእክቱን በቧንቧ ያፈስለታል። ሜይልማን ተቀብሎ በራሱ ወረፋ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ከበስተጀርባ የሚሠሩት ወረፋ አንቀሳቃሾች መልእክቱን አንሥተው ላኪው አባል መሆኑን ይመረምራሉ፤ በርእሱ ላይ የዝርዝሩን ስም፣ በግርጌው ላይ ማስታወሻ ይጨምራሉ፤ ቅጂውን ወደ ክምችት ይልካሉ። በመጨረሻም መልእክቱን መልሰው ለዚያው የፖስታ ፕሮግራም ያስረክባሉ፤ እርሱም ለየአባላቱ ያከፋፍላል።

ልብ በሉ፤ የፖስታ ፕሮግራሙ መልእክቱን ሁለት ጊዜ ይነካዋል፤ አንዴ ሲገባ፣ አንዴ ሲወጣ። ጀማሪ አስተዳዳሪ ብዙ ጊዜ የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። በፖስታው ሎግ ላይ «ደርሷል» የሚል ቃል አይቶ አባላቱ ዘንድ የደረሰ ይመስለዋል፤ ቃሉ ግን ለሜይልማን መሰጠቱን ብቻ ሊናገር ይችላል። ስለዚህ ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የምጠይቃቸው አንድ ጥያቄ አለ፦ ይህን መልእክት ለመጨረሻ ጊዜ የጠቀሰው የትኛው ሎግ ነው? እያንዳንዱ መልእክት የራሱ መለያ ቁጥር በራስጌው ላይ አለው። መለያውን ይዞ ከሎግ ወደ ሎግ መሄድ ነው። መለያው የጠፋበት ቦታ ላይ ችግሩ አለ፤ ወይም ከዚያ በፊት ባለው ርክክብ ላይ ነው። የቅንብር ፋይል እየከፈቱ በግምት መስመር መቀየር ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው፤ ባይመጣም ይሻላል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ታላቅ መሰናክል ልምጣ። አዲስ ዝርዝር ከፍታችሁ የሙከራ መልእክት ትልካላችሁ። ወዲያው ተመላሽ ይመጣል፤ ፕሮግራሙ በቁጥር 2 ተቋርጦ መሞቱንና የቡድን አለመጣጣም መኖሩን ይነግራችኋል። ሜይልማን በአንድ ቡድን ስም እንዲጠራ ይጠብቅ ነበር፤ የፖስታ ፕሮግራሙ ግን በሌላ ቡድን ስም ጠራው። ይህን ስሕተት ያላየ የሜይልማን 2 አስተዳዳሪ ጥቂት ነው።

ምክንያቱን እንመልከት። የፖስታ ፕሮግራሙ የሚጠራው ከፓይተን በፊት የሚቆም በሲ ቋንቋ የተጻፈ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ይህ ፕሮግራም ሲነሣ የሜይልማንን ቡድን ሥልጣን እንዲያገኝ በፋይሉ ላይ ልዩ የቡድን ምልክት ተደርጎበታል። በሲ የተጻፈውም ብዙ የዩኒክስ ሥርዓቶች ይህን ምልክት በስክሪፕት ላይ ሲያዩት ለደኅንነት ሲሉ ስለማይቀበሉት ነው። እንግዲህ ሥልጣን የሚሰጥ በር ከተከፈተ በበሩ ላይ ጠባቂ ሊቆም ይገባል። የሰርቨሩ ተራ ተጠቃሚ ሁሉ ይህን ፕሮግራም ጠርቶ የፈለገውን መልእክት ወደ ዝርዝሩ እንዳያስገባ፣ ፕሮግራሙ የጠራውን ሰው ቡድን ይጠይቃል። የሚጠብቀው የቡድን ስም ደግሞ ሶፍትዌሩ ሲጠናቀር በውስጡ የተቀረጸ ነው። ቆይታችሁ በቅንብር ፋይል አትቀይሩትም።

በሌላ ወገን ፖስትፊክስም የራሱ ጥንቃቄ አለው። ከተለዋጭ ስሞች ሰንጠረዥ ተነሥቶ ፕሮግራም ሲጠራ የሰንጠረዡን ፋይል ባለቤት ያያል። ባለቤቱ ተራ ተጠቃሚ ከሆነ ፕሮግራሙን በዚያ ተጠቃሚ ሥልጣን ያስነሣዋል። ባለቤቱ ሩት ከሆነ ግን በሩት ሥልጣን ማስነሣት አደገኛ ስለሆነ፣ እጅግ አነስተኛ ሥልጣን ወዳለው «ማንም» ወደሚባለው ተጠቃሚ ይወርዳል። አያችሁ? ሁለቱም ፕሮግራሞች ትክክል ናቸው፤ ሁለቱም የተጻፉት ደኅንነትን ለመጠበቅ ነው። ችግሩ የተፈጠረው ሁለቱ ጥንቃቄዎች በተገናኙበት መገጣጠሚያ ላይ ነው።

መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሜይልማንን ትክክለኛውን ቡድን ጠቅሶ እንደገና ማጠናቀር ነው። ሁለተኛው፣ እኔም የምመርጠው፣ የዝርዝሮቹን ተለዋጭ ስሞች ከዋናው ሰንጠረዥ ለይቶ የሜይልማን ተጠቃሚ ባለቤት በሆነበት ፋይል ውስጥ ማኖር ነው። እዚህ ላይ ባለቤትነቱ የሚታየው ከጽሑፍ ፋይሉ የተዘጋጀው የመረጃ ቋት ፋይል መሆኑን አትርሱ። ሩት ሆኖ የሰንጠረዡን ማደሻ ትእዛዝ የሰጠ ሰው የጽሑፍ ፋይሉን ብቻ አይቶ «ባለቤቱ ትክክል ነው» ቢል ግማሽ ቀን ሊደክም ይችላል።

ሦስተኛ «መፍትሔ» የሚባል ነገር አለ፤ ልጠቅሰው የግድ ነው፤ በየላቦራቶሪው አየዋለሁና። ይኸውም ማውጫውን ሁሉ 777 ብሎ ለሁሉም መክፈት ነው። ይህ በሩ አልከፈት ሲል ግድግዳውን እንደ ማፍረስ ነው። ደግሞም የቡድን አለመጣጣምን አይፈታም፤ ጠባቂው የሚጠይቀው ጠሪውን እንጂ የፋይሉን ፈቃድ አይደለምና። ሜይልማን የፋይሎቹን ባለቤትነትና ፈቃድ የሚመረምር የራሱ መሣሪያ አለው፤ ስሕተት ካገኘም እንዲያርም ሊታዘዝ ይችላል። ፈቃዱ ሁሉ ትክክል ሆኖ ሳለ አሁንም «ተከልክሏል» የሚል ምላሽ ከመጣና ሰርቨሩ ከሬድ ሃት ወገን ከሆነ፣ ኤስኢሊኑክስን ጠርጥሩ፤ የኦዲት ሎጉንም አንብቡ።

መልእክቱ ይህን በር አልፎ ገባ እንበል። ተመላሽ የለም፤ ነገር ግን ለማንም አልደረሰም። ይህ ጸጥታ ከተመላሹ የከፋ ነው። በመጀመሪያ ወረፋ አንቀሳቃሾቹ በሥራ ላይ መሆናቸውን ተመልከቱ። ሜይልማን 2.1 ሲነሣ በራሱ ስም የተሰየመ አንድ የአስተዳደር ዝርዝር መኖሩን ይጠይቃል፤ ያ ዝርዝር ካልተፈጠረ አንቀሳቃሾቹ አይነሡም። ተከላውን አንብቦ ያልጨረሰ ሰው ይህን ይዘላል። ድረ ገጹ ይከፈታል፤ አባላት ይመዘገባሉ፤ መልእክት ይገባል፤ ሁሉም በመግቢያው ወረፋ ውስጥ ተደርድሮ ይቀመጣል። አንቀሳቃሾቹ ሲነሡ ግን የተከማቸው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይወጣል፤ ስለዚህ ከማስነሣታችሁ በፊት በወረፋው ውስጥ ምን እንዳለ እዩ። ከሁለት ሳምንት በፊት የተደረገ ስብሰባ ጥሪ ዛሬ ለሦስት መቶ ሰው ቢደርስ የሚፈጠረውን ግራ መጋባት መገመት አያዳግትም።

አንቀሳቃሾቹ እየሠሩ መልእክቱ ከጠፋ ደግሞ «ሸንት» የሚባለውን ወረፋ ክፈቱ። ሜይልማን አንድን መልእክት ሲያቀናብር ያልጠበቀው ስሕተት ቢገጥመው መልእክቱን አይጥለውም፤ ወደዚያ ገለል ያደርገዋል፤ ምክንያቱንም በስሕተት ሎጉ ላይ ይጽፋል። ምክንያቱ ከተወገደ በኋላ መልእክቶቹን ወደ መንገዳቸው የሚመልስ ትእዛዝ አለ። ይህን ንድፍ አደንቃለሁ። ምንም ነገር አይጠፋም፤ ፈላጊ ብቻ ይጠብቃል። ይሁን እንጂ ወደዚያ ማውጫ በየሳምንቱ የሚመለከት ሰው ካልተመደበ መጠበቁ ከመጥፋት አይለይም።

ከሰርቨሩ ውጭ ስላለው ጉዳይ በአጭሩ ላልፍ፤ በሌሎች ኮርሶች ታገኙታላችሁ። የዶሜይኑ የኤምኤክስ መዝገብ ወደ ትክክለኛው ሰርቨር ማመልከት አለበት። የአይፒ ቁጥሩም ተገላቢጦሽ መዝገብ ሊኖረውና ከሰርቨሩ ስም ጋር ሊስማማ ይገባል። ይህን ተገላቢጦሽ መዝገብ የሚያስገባው የዶሜይኑ ባለቤት ሳይሆን የአይፒ ቁጥሩን የያዘው ክፍል ነው፤ ለአብዛኞቹ ተቋማት ይህ የኢንተርኔት አቅራቢያቸው ነው። ስለዚህ ደብዳቤ መጻፍና መከታተል የግድ ይሆናል። ይህን ከተከላው ቀን በፊት ጀምሩት። ተቀባዩ ሰርቨር በ4 የሚጀምር ቁጥር ቢመልስ ጊዜያዊ እንቢታ ነው፤ ፖስትፊክስ በነባሪ ቅንብሩ እስከ 5 ቀን እየደጋገመ ይሞክራል። በ5 የሚጀምር ከሆነ ቁርጥ ያለ እንቢታ ነው።

አሁን በዛሬው ንግግሬ ከሁሉ ይበልጥ እንድታስቡበት ወደምፈልገው ጉዳይ ደርሻለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ተቋም ሥርዓቱን እንዳይለት ጠየቀኝ። ክርክሩ የነበረው በተማሪዎችና በጽሕፈት ቤቱ መካከል ነው። ተማሪዎቹ የነፃ ትምህርት ዕድሉ ማስታወቂያ አልደረሰንም ይላሉ። ጽሕፈት ቤቱ ልከናል፣ ማስረጃውም ይኸው ይላል። ማስታወቂያው በእርግጥ በክምችቱ ውስጥ ነበር። ማመልከቻ መቀበያው ግን ተዘግቶ ነበር። ነገሩ ወደ መወነጃጀል እያመራ ሳለ የተመላሾችን ሎግ ከፈትን። ከአባላቱ ብዙዎቹ መልእክት እንዳይደርሳቸው በሥርዓቱ በራሱ ታግደው ነበር። ማንም ሰው አላገዳቸውም። ሁለቱም ወገኖች እውነት ይናገሩ ነበር።

እንዴት ሆነ? ወደ 2014 ልመልሳችሁ። በዚያ ዓመት በሚያዝያ ወር ያሁ በዲማርክ ደንብ መሠረት፣ ከያሁ አድራሻ እንደተላከ የሚናገር ነገር ግን ማረጋገጫ የሌለው መልእክት ሁሉ እንዲመለስ ለዓለም አሳወቀ፤ ኤኦኤልም በዚያው ወር ተከተለ። ዓላማው አጭበርባሪዎችን መከላከል ነበር። ሜይሊንግ ሊስት ግን በጠባዩ አጭበርባሪ ይመስላል። መልእክቱ የሚወጣው ከእኛ ሰርቨር ነው፤ በ«ላኪ» ራስጌው ላይ ያለው አድራሻ ግን የሌላ ዶሜይን ነው። የኤስፒኤፍ ማረጋገጫ የእኛን ዶሜይን ያጸድቃል፤ ያ ግን ከላኪው ዶሜይን ጋር አይገጥምም። የዲኪም ፊርማ ደግሞ በርእሱ ላይ የዝርዝሩን ስም ስንጨምር፣ በግርጌው ላይ ማስታወሻ ስናክል ይፈርሳል። ስለዚህ ተቀባዩ ሰርቨር መልእክቱን በ5 ቁጥር ይመልሰዋል።

ይህ ብቻ ቢሆን አንድ መልእክት በጠፋ ነበር። መከራው የሚጀምረው ሜይልማን ተመላሹን ሲተረጉም ነው። «ይህ አባል አድራሻው አይሠራም» ይልና ለተቀባዩ አንድ ነጥብ ይመዘግብበታል። በቀን ከአንድ ነጥብ በላይ አይመዘግብም፤ በነባሪው ቅንብር ነጥቡ 5 ሲሞላ አባሉን ያግደዋል። በመሆኑም ጥብቅ ደንብ ካለው ዶሜይን የሚጽፍ አንድ ተናጋሪ አባል በአምስት የተለያዩ ቀናት አምስት መልእክት ቢልክ፣ ደንቡን በሚያከብሩ አቅራቢዎች ዘንድ አድራሻ ያላቸው አባላት ሁሉ በአንድነት ይታገዳሉ። የጻፈው ሰው አይታገድም፤ የሚታገዱት ያነበቡት፣ ይልቁንም ማንበብ ያልቻሉት ናቸው። በዚያ ተቋም የሆነው ይህ ነበር። አንድ የተከበሩ አዛውንት መምህር ለብዙ ዓመታት ከያዙት የግል አድራሻ ስለ ሥርዓተ ትምህርት ውይይት ከፍተው በሳምንቱ ውስጥ በትጋት ይጽፉ ነበር።

ሜይልማን ለታገደው አባል ማሳወቂያ ይልካል፤ በነባሪው ሦስት ጊዜ፣ በየ7 ቀኑ። መልስ ካልሰጠ ከዝርዝሩ ይሰርዘዋል። ማሳወቂያው በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ረጅም ማስፈንጠሪያ ያለበት፣ «አባልነትዎ ታግዷልና ይህን ይጫኑ» የሚል ነው። ተማሪዎቻችንን እንዲህ ያለ መልእክት እንዳይከፍቱ ያስተማርናቸው እኛው ነን። ስለዚህ ሰርዘውታል፤ ትክክልም ነበሩ።

ማስተካከያው ቀላል ነው። ከ2.1.18 ጀምሮ ሜይልማን የላኪውን ዶሜይን ደንብ ከዲኤንኤስ ጠይቆ፣ ደንቡ ጥብቅ ከሆነ ብቻ የ«ላኪ» ራስጌውን በዝርዝሩ አድራሻ እንዲተካ ሊታዘዝ ይችላል። የጸሐፊው ስም ይቀራል፤ የራሱ አድራሻም ወደ መልስ መቀበያው ይዛወራል። አንዳንድ የቆዩ አስተዳዳሪዎች ይህን የደብዳቤን ራስጌ ማበላሸት ይሉታል። ቅሬታቸው ይገባኛል፤ መልኩ አያምርም። ነገር ግን አባላትን ያለ ጥፋታቸው ከሚያግድ ንጹሕ ራስጌ ይልቅ የሚያደርስ ቆሻሻ ራስጌ እመርጣለሁ። በተመላሽ ምክንያት የታገዱትን ብቻ ለይቶ የሚዘረዝር ትእዛዝም አለ። ዝርዝር የምታስተዳድሩ ሁሉ ነገ ጠዋት እንድትሰጡት እለምናችኋለሁ፤ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ስለ ሦስተኛው ቅጂ ጥቂት ልናገር። የ2.1 ቅጂ የቆመበት ፓይተን 2 ድጋፉ በ2020 መጀመሪያ ስላበቃ አዲስ ተከላ በሜይልማን 3 ሊሆን ይገባል። በዚህ ቅጂ የቡድን አለመጣጣሙ ጣጣ የለም፤ ፖስትፊክስ መልእክቱን በቧንቧ ፈንታ በኤልኤምቲፒ በ8024ኛው ፖርት ያስረክባል። መገጣጠሚያዎቹ ግን በዝተዋል። ዋናው ክፍል፣ የአስተዳደር ድረ ገጹ ፖስቶሪየስ፣ ክምችቱ ሃይፐርኪቲ ሦስቱም የተለያዩ ናቸው። ዋናው ክፍልና ክምችቱ የሚተማመኑበት የምስጢር ቁልፍ በሁለቱም ፋይሎች ላይ አንድ ካልሆነ መልእክቱ ለአባላት እየደረሰ ክምችቱ ባዶ ይሆናል። የድረ ገጹ መሠረት የሆነው ጃንጎ ደግሞ ሲተከል በምሳሌ ዶሜይን ስም ይመዘገባል፤ ያ ስም ካልተለወጠ ለአዲስ ተመዝጋቢዎች የሚሄደው ማረጋገጫ ወደሌለ ቦታ ይመራቸዋል።

በመጨረሻም የራሳችን ፊደል። የኢሜይል ራስጌ ከጥንት የተሠራው ለላቲን ፊደል ነው። አማርኛ በርእስ መስመር ላይ ሲጻፍ በ1996 በወጣው መመዘኛ መሠረት ተመስጥሮ ይላካል። አንዱ የተመሰጠረ ቃል ከ75 ምልክት መብለጥ የለበትም። የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 እያንዳንዱ 3 ባይት ይወስዳል፤ መክፈቻና መዝጊያውን ቀንሰን በቤዝ 64 ስናሰላው በአንዱ ቃል ውስጥ የሚገባው 15 ፊደል ብቻ ነው። ስለዚህ መካከለኛ ርዝመት ያለው የአማርኛ ርእስ ሁሉ ለሁለትና ለሦስት ይቆረጣል። መመዘኛው ቁራጩ በፊደል መካከል እንዳይሆን ያዝዛል። ይህን የማያከብር ፕሮግራም አንዱን ፊደል ለሁለት ሰንጥቆ በርእሱ መካከል ጥቁር ጥያቄ ምልክት ያስቀምጣል። በክምችቱ ገጽ ላይ ጽሑፉ በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ከታየ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው፤ በ2.1 የእንግሊዝኛ ዝርዝር ነባር የፊደል ስብስብ አስኪ በመሆኑ ነው። በቅንብር ፋይሉ ላይ የእንግሊዝኛውን ቋንቋ ከዩቲኤፍ 8 ጋር እንደገና ማስመዝገብ ይበቃል። ከዚያ በፊት የተከማቸው ገጽ በራሱ አይታረምም፤ ክምችቱ ከጥሬው የመልእክት ፋይል እንደገና መገንባት አለበት። ጥሬው ፋይል የመልእክቱን ዋና ቅጂ ይዞ ስለሚቆይ ፊደሉ አልጠፋም። ከመገንባታችሁ በፊት ግን ቅጂ ያዙ፤ የየመልእክቱ የድረ ገጽ ቁጥር ሊለወጥ ይችላልና በሌላ ቦታ የተጠቀሱ ማስፈንጠሪያዎች ይሳሳታሉ።

ንግግሬን እዚህ ላይ ላቁም። በሙከራ ሰርቨሩ ላይ ሆን ብዬ ያበላሸሁት አንድ ዝርዝር አለ፤ የቴክኒክ ክፍል ባልደረቦች የመግቢያ ስም ይሰጧችኋል። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ።